ይቀርባል ብዬ «ይቀራል» የጻፍኩ ዕለት

መልእክቱ አራት መስመር ነበር። ባልደረባዬ ለወራት የለፋችበትን ጥናት ሰኞ ጠዋት ልታቀርብ ነው። ለሠራተኛው ሁሉ የማሳወቁ ሥራ ደግሞ የእኔ ነበር። ዓርብ ማታ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሰዓቱ ልክ ነው። የአዳራሹ ስም ልክ ነው። የጥናቱ ርእስ ልክ ነው። የእሷም ስም ልክ ነው። ላክሁትና ኮምፒውተሬን ዘግቼ ተነሳሁ።

ሰኞ ጠዋት አዳራሹ ውስጥ አምስት ሰው ነበርን። እኔ፣ እሷ፣ ፕሮጀክተሩን የሚያስተካክለው ልጅ እና ሌሎች ሁለት ሰዎች። ሃያ ደቂቃ ጠበቅን። እሷ ወረቀቷን ታገላብጣለች፣ ትመልሳለች፣ እንደገና ታገላብጣለች። «ምነው፣ ሰው የለም እንዴ?» አለችኝ ቀስ ብላ። የምመልስላት ነገር አልነበረኝም። ኮሪደር ላይ ወጥቼ አንዱን ባልደረባችንን አገኘሁትና «አትገባም እንዴ?» አልኩት። ግራ ተጋብቶ አየኝ። «ቀርቷል ብለህ ጽፈህልን የለ?»

ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። «ከዚህ በፊት ያሳወቅናችሁ የጥናት ገለጻ ሰኞ ጠዋት ይቀራል።» እንዲህ ነው የሚለው። ከሥሩ የአዳራሹ ስምና ሰዓቱ በደንብ ተጽፏል። ግን ከዚያ ቃል በኋላ ያለውን ማንም ልብ ብሎ አላነበበም። ለምን ያነባል? ቀርቷል ተብሏላ።

ኪቦርዴ ተነባቢውንና አናባቢውን ለየብቻ ስለሚያስመታ «ይቀርባል» ለማለት ሰባት ቁልፍ እጫናለሁ። አንዷን ጣቴ ዘለላት፣ የ«ብ»ን ቁልፍ። የቀሩት ስድስቱ ተያይዘው ሌላ ትክክለኛ የአማርኛ ቃል ሠሩ። የተሰበረ ቃል ቢሆን ኖሮ አንድ ሰው «ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቀኝ ነበር። «ይቀራል» ግን ምንም ጉድለት የሌለበት ቃል ነው። ጉዳቱም እዚያ ላይ ነው።

ይህ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል። ያቺ ሃያ ደቂቃ ግን አሁንም ከነወንበሮቹ ትታየኛለች። የራሴን ጽሑፍ ማረም እንደ ሥራ፣ ራሱን የቻለ ጊዜ እንደሚያስፈልገው ሥራ መቁጠር የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ የምጽፈው በእነዚህ ዓመታት ስለተማርኩት ነው።

መጀመሪያ ያስጨነቀኝ ጥያቄ ይሄ ነበር። ሦስት ጊዜ አንብቤ እንዴት አላየሁትም? ሳነብ ቸኩዬ አልነበረም። ደክሞኝም አልነበረም። ዓይኔ በእያንዳንዱ መስመር ላይ ሄዷል። ቆይቶ ነው የገባኝ። ያነበብኩት የጻፍኩትን አልነበረም፣ ልጽፍ ያሰብኩትን ነው። ጽሑፉ ወረቀቱ ላይ ከመውረዱ በፊት ጭንቅላቴ ውስጥ አለ። እዚያ ያለው ደግሞ ንጹሕ ነው፣ አንድም ግድፈት የለበትም። ሳነብ የማየው እሱን ነው።

ዓይን ሲያነብ መስመሩን ተከትሎ የሚንሸራተት ይመስለናል። አይንሸራተትም፣ ይዘላል። አንድ ቦታ ላይ ለሩብ ሰከንድ ያህል፣ ከ200 እስከ 250 ሚሊሰከንድ ገደማ ያርፋል። ከዚያ ዘሎ ሌላ ቦታ ያርፋል። በዝላዩ ጊዜ ምንም አያነብም። ባረፈበት ቦታም ቢሆን ጥርት ብለው የሚታዩት መሃል ላይ ያሉ ጥቂት ፊደሎች ናቸው። ዳር ዳሩን አእምሮ ከሚያውቀው ላይ ይሞላዋል። የሌላ ሰው ጽሑፍ ስናነብ አእምሮ የሚያውቀው ትንሽ ስለሆነ ዓይን ደጋግሞ ማረፍ ይኖርበታል። የራሳችንን ስናነብ ግን ሁሉንም ያውቀዋል። ስለዚህ ዓይን ረጅም ረጅም እየዘለለ ይሄዳል። የሌላውን ሰው ስህተት ከሩቅ እያየን የራሳችን የሚያመልጠን በዚህ ነው። «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» የሚባለው እኛ ላይ ይሠራል፣ ልዩነቱ የእኛ በቸልተኝነት አለመሆኑ ነው።

እንግዲህ ማረም ማለት ለራስ ጽሑፍ እንግዳ መሆን ነው። ከዚህ በታች የማነሳው ሁሉ እንግዳ የመሆኛ መንገድ ነው እንጂ ሌላ ምስጢር የለውም።

ግን መጀመሪያ ስህተቶቹ ራሳቸው ከየት እንደሚመጡ ላንሳ። ምክንያቱም ስህተት በዘፈቀደ አይፈጠርም። መልክ አለው። አንድ ጊዜ ሁለት ወር ሙሉ ስህተቶቼን ማስታወሻ ደብተር ላይ መዘገብኩ። ያገኘሁትን ሁሉ፣ ከነትክክለኛው። ይህን ከማድረጌ በፊት የምጠረጥረው ሌላ ነበር። ድግግሞሹን ሳይ ነው ጣቴን ያወቅሁት።

ከሁሉም የበዛው የወደቀ አናባቢ ነው። የእንግሊዝኛ ፊደላትን ድምፅ ተከትሎ አማርኛ በሚጽፍ ኪቦርድ «ሰ» ለመጻፍ ሁለት ቁልፍ ያስፈልጋል። ሁለተኛዋ ቁልፍ ካልተጫነች ፊደሉ ሳድስ ሆኖ ይቀራል፣ «ስ»። ኪቦርዱ አይጮህም፣ ምክንያቱም «ስ» ትክክለኛ ፊደል ነው። እንደዚህ «ቀን» ብዬ «ቅን» ሆኖ አግኝቼዋለሁ። «በሩን ዝጉ» ብዬ «ብሩን ዝጉ»። «ሰም» ብዬ «ስም»። ሁሉም ቃላት ናቸው፤ ሁሉም በየራሳቸው ትክክል ናቸው። ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ግን ቦታቸው አይደለም። ደግሞም «ሰ» እና «ስ»ን፣ «በ» እና «ብ»ን በትንሽ ፎንት፣ ማታ፣ በደከመ ዓይን መለየት ቀላል አይደለም። ልዩነቱ አንዲት ጭረት ናት።

ሁለተኛው ሺፍት ነው። የእኔ ኪቦርድ ላይ «ት» እና «ጥ» አንድ ቁልፍ ላይ ናቸው። ሺፍት ከያዝኩ «ጥ»፣ ካልያዝኩ «ት»። ጣቴ ሺፍቱን ቶሎ ከለቀቀው «ልጁ መጣ» የሚለው «ልጁ መታ» ይሆናል። አስቡት፣ አንድ የመጣ ልጅ የመታ ልጅ ሆነ። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ይህቺ ስህተት ብቻዋን አሥራ አንድ ጊዜ ተጽፋለች።

«እና የፊደል ማረሚያው የት ሄዶ ነው?» የሚል ይኖራል። የእኔ ኮምፒውተር ላይ አማርኛ ስጽፍ ከሞላ ጎደል ሁሉም ቃል ሥር ቀይ መስመር ይሰመራል። ሁሉ ቀይ ከሆነ ምንም ቀይ አይደለም። የተሻለ ማረሚያ ቢኖረኝም ደግሞ «ይቀራል»ን አይዝልኝም ነበር። ማረሚያ ቃሉ መኖሩን እንጂ እኔ ምን ለማለት እንደፈለግሁ አያውቅም። የቋንቋችን ጠባይም አለ። አንድ ቃል ከፊቱም ከኋላውም ይቀጠልበታል። «ቤት» ብሎ የጀመረ «ከየቤቶቻቸውም» ብሎ ሊጨርስ ይችላል። ይህን ሁሉ መልክ በአንድ ዝርዝር ውስጥ መያዝ ከባድ ነው።

ከዚህ የባሰ ደግሞ የማይታይ ስህተት አለ። ፊደሉ ሁሉ ትክክል ሆኖ አንባቢው ሌላ የሚሰማበት። አማርኛ ስንናገር አንዳንዱን ድምፅ እናጠብቃለን፣ አንዳንዱን እናላላለን። ስንጽፍ ግን ጥብቀቱ አይታይም። «ሰፊ» አንድም ጠባብ ያልሆነ ቦታ ነው፣ አንድም ልብስ የሚሰፋ ሰው፤ በወረቀት ላይ ግን ሁለቱ አንድ ናቸው። «ዋና» አንድም ዋነኛው ነው፣ አንድም ውኃ ውስጥ የሚዋኘው። አንድ ጊዜ የሥነ ሥርዓት መመሪያ ስጽፍ «ቅሬታ አቅራቢው በመጀመሪያ ይሰማል» አልኩ። እኔ በጭንቅላቴ አጥብቄዋለሁ፣ ሌሎች ያደምጡታል ማለቴ ነው። አንድ አንባቢ አላልቶ አነበበው። አቅራቢው በመጀመሪያ ዝም ብሎ ይሰማል፣ ሌላው ይናገራል። ሁለቱም አነባበብ ትክክል ነው። ትርጉሙ ግን ተገለበጠ።

ይህን ስህተት በፊደል ማስተካከል አይቻልም። ቃሉን መቀየር ነው። «ቅሬታ አቅራቢው በመጀመሪያ ሐሳቡን ያስረዳል» አልኩና ተገላገልኩ። አሁን ሳርም «ይሰማል»፣ «ይመታል»፣ «አለ» የመሳሰሉት ላይ ቆም እላለሁ። ጭንቅላቴ ውስጥ ያለውን ድምፅ የማይሰማ ሰው ምን ብሎ ያነበዋል? ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ።

ስለ ሞክሼ ፊደላት ሳላነሳ ባልፍ ቅር የሚለው ብዙ ነው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ። ሠ እና ሰ። አ እና ዐ። ጸ እና ፀ። በግእዝ ልዩነታቸው የትርጉም ነው። «ሠረቀ» ፀሐይ ወጣች ለማለት ነው፣ «ሰረቀ» ግን ሌብነት ነው። «መሐረ» ይቅር አለ፣ «መሀረ» አስተማረ። በአማርኛ ግን ስናነባቸው ድምፃቸው አንድ ነው። ለዚህ ነው «ፀሐይ» የሚለውን ቃል በተለያየ አጻጻፍ የምናገኘው። መጀመሪያው ፊደል ሁለት ምርጫ አለው። መሃለኛው ስድስት፦ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ። ሲባዛ 12 ነው። አሥራ ሁለቱም አንድ ዓይነት ይነበባሉ።

እኔ በዚህ ላይ ጥብቅ አቋም የለኝም። ሥሩን ጠብቄ መጻፍ ደስ ይለኛል፣ ግን ያልጠበቀውን ሰው አልወቅስም። የምወቅሰው መደባለቅን ነው። አንድ ጽሑፍ ውስጥ ገጽ 2 ላይ «ሠራተኛ»፣ ገጽ 5 ላይ «ሰራተኛ» ካለ አንባቢው ባይናገርም ይሰማዋል። ኮምፒውተሩ ደግሞ ጭራሽ ሁለት የተለያየ ነገር ያደርጋቸዋል። የግእዝ ፊደላት ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ፊደላትን በሚለዩበት ዓለም አቀፍ የቁጥር ሥርዓት ውስጥ የገቡት በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያኔ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ተሰጠው። «ሠ» 1220 ነው፣ «ሰ» 1230። ለማሽኑ ዝምድና የላቸውም። አንድ ጊዜ ባለ 60 ገጽ ሰነድ ውስጥ የአንድ ክፍል ስም ተቀይሮ ነበር። በፍለጋ ሁሉንም ቀየርኩ ብዬ አረፍኩ። በሌላው ሠ የተጻፉት አሥራ ምናምን ቦታዎች በአሮጌው ስም ቀሩ። አሁን ረጅም ነገር ስጀምር አጠገቤ አንዲት ወረቀት አስቀምጣለሁ። የመረጥኳቸውን አጻጻፎች እዚያ ላይ እጽፋለሁ። «ሥራ በሠ። ጽሑፍ በጸ እና በሐ። ዓመት በዐ።» ሲያጠራጥረኝ ወደ እሷ ነው የማየው። የሰው ስም ግን ከዚህ ውጪ ነው። የሰው ስም ባለቤቱ እንደሚጽፈው ነው የሚጻፈው። ካላወቅሁ እጠይቃለሁ።

አራት ነጥብም እንደዚሁ ነው። ብዙዎቻችን ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ ጎን ለጎን እየመታን አራት ነጥብ እናስመስላለን። ለዓይን አንድ ናቸው። ለማሽኑ ግን አይደሉም፣ ስትፈልጉት አያገኘውም።

አሁን ወደ ትልቁ ልምጣ። የእኔ ከባድ ስህተቶች ሲጻፍ የተፈጠሩ አይደሉም። ሲታረም የተፈጠሩ ናቸው። ይህን ማስታወሻ ደብተሩ እስኪያሳየኝ ድረስ አላመንኩም ነበር።

ምሳሌ ልስጥ። መጀመሪያ እንዲህ ጻፍኩ። «ሠራተኛው ሥራውን ጨርሶ ሲወጣ ቁልፉን ለጥበቃ ያስረክባል።» ንጹሕ ዓረፍተ ነገር ነው። ከዚያ አንድ ሰው በብዙ ቁጥር ይሁን አለኝ። ገብቼ ቀየርኩ። «ሠራተኞቹ ሥራቸውን ጨርሰው ሲወጡ ቁልፉን ለጥበቃ ያስረክባል።» አያችሁት? መጀመሪያውን፣ መሃሉን አስተካክያለሁ። መጨረሻ ላይ ያለው ግስ ግን በነጠላ ቁጥር ቀርቷል። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ባለቤቱ መጀመሪያ ላይ ነው ያለው። በመሃላቸው ሃያ ቃል ሊኖር ይችላል። ዓይኔ ያስተካከልኩት ቃል ላይ ስለሚያርፍ እስከ መጨረሻው አይሄድም። እሱን ወደ እሷ ስቀይርም ያው ነው። «ትመጣለች» መሆን ያለበት «ይመጣል» ሆኖ ይቀራል።

የአክብሮቱ ደግሞ የበለጠ ያሳስበኛል። አንድ ጊዜ ለማከብራቸው አዛውንት ደብዳቤ ጻፍኩ። ከላይ እስከ ታች «እርስዎ» ነው። መጨረሻው አንቀጽ ግን ለጓደኛዬ ከጻፍኩት ሌላ ደብዳቤ ኮፒ የተደረገ ነበር። «ሲመችህ ደውልልኝ» ይላል። በሙሉ አክብሮት የተጻፈ ደብዳቤ በሩ ላይ ሲደርስ አንተ አላቸው። ደግነቱ ከመላኬ በፊት ባለቤቴ አየችው። ባታየው ኖሮ ይቅርታ መጠየቂያ ቃል ከየት አመጣ እንደነበር አላውቅም።

ስለዚህ ያወጣሁት ደንብ ይሄ ነው። አንድ ቃል ከቀየርኩ ዓረፍተ ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ አራት ነጥቡ እንደገና አነባለሁ። ቃሉን ብቻ አይደለም። ዓረፍተ ነገር ካዘዋወርኩ ሁለቱንም አንቀጽ አነባለሁ፣ የወጣበትንም የገባበትንም። ከሌላ ቦታ ያመጣሁት ነገር ካለ ደግሞ እንደ ጠላት ጽሑፍ ነው የማየው።

እንግዳ የመሆኛ መንገዶቹን በተመለከተ ከሁሉም የሚበልጠው ጊዜ ነው። አንድ ሌሊት ያደረ ጽሑፍ ግማሽ የሰው ጽሑፍ ነው። ሌሊት ከሌለኝ ሌላ ሥራ እሠራለሁ፣ ወጣ ብዬ እመለሳለሁ። ግማሽ ሰዓትም ይረዳል። ዓርብ ማታ ያንን መልእክት ጽፌ ቅዳሜ ጠዋት ብልከው ኖሮ ምንም የሚጎድል ነገር አልነበረም። ገለጻው ሰኞ ነበር። ዓርብ ማታ እንድልከው ያስገደደኝ «ልገላገለው» የሚል ስሜት ብቻ ነው። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል።

መልኩን መቀየርም ይሠራል። ፎንቱን ቀይሬ መጠኑን ከፍ አደርገዋለሁ። መስመሮቹ ሌላ ቦታ ላይ ይሰበራሉ፣ መስመር መጨረሻ ላይ ተደብቀው የነበሩ ነገሮች ወደ መሃል ይመጣሉ። «እና እና» ብዬ ሁለቴ የጻፍኩት የሚገኘው እንዲህ ሲሆን ነው። አንደኛው መስመሩ መጨረሻ፣ ሁለተኛው የሚቀጥለው መጀመሪያ ላይ ስለነበር አይታይም። ለትልቅ ነገር ደግሞ አትማለሁ። በወረቀት ላይ ሳነብ እጄ እስክሪብቶ ይይዛል፤ እስክሪብቶ የያዘ እጅ ደግሞ የሚያርመውን ይፈልጋል።

ጮክ ብሎ ማንበብን ሁሉም ይመክራል፣ እኔም እመክራለሁ። ግን አንድ ነገር ልጨምር። ጮክ ብላችሁ ስታነቡም አፋችሁ ሊያርምላችሁ ይችላል። «ይቀራል» ተጽፎ እያለ «ይቀርባል» ትላላችሁ። እኔ ሞክሬ አይቼዋለሁ። ስለዚህ ከድምፄ ጋር ጣቴን አስከትላለሁ። ቃል በቃል፣ ከእያንዳንዱ ሥር። የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪ እንደሚያነበው። ሰው ሲያየኝ ሊገርመው ይችላል። ጣት ግን አይዘልም። አንዳንዴ ደግሞ ስልኬ ያነብልኛል። ማሽኑ ምን ለማለት እንደፈለግሁ አያውቅም፣ ደግሞም ለስሜቴ አይጨነቅም። የተጻፈውን ይላል። አነባበቡ ደረቅ ነው፣ ጥብቀቱንም ያዛባል። እሱም ቢሆን ጠቃሚ ነው፣ እሱ የተሳሳተበት ቦታ ላይ ሰውም ሊሳሳት ይችላልና።

በጣም ወሳኝ ለሆነ ነገር ከኋላ ወደ ፊት አነባለሁ። ቃላቱን አይደለም፣ ዓረፍተ ነገሮቹን። መጨረሻውን መጀመሪያ፣ ከዚያ ከእሱ በፊት ያለውን። ታሪኩ ስለሚፈርስ አእምሮ ወደፊት ሊሮጥ አይችልም። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ራቁቱን ይቆማል። አድካሚ ነው። ከአምስት ገጽ በላይ አልሞክረውም።

ቁጥሮችን ለብቻቸው ነው የማየው። ድምር ካለ እደምራለሁ። «ሦስት ምክንያቶች አሉ» ካልኩ እቆጥራለሁ፣ አንዳንዴ አራት ናቸው። «ሰኞ 14» ካልኩ 14 ሰኞ መሆኑን አረጋግጣለሁ። ርእሱንም አልዘልም። ርእስ ትልቅ ስለሆነ ያነበብነው ይመስለናል፣ ማንም ግን አያነበውም።

ሁሉንም በአንድ ዙር ለማየት መሞከር ትቻለሁ። ሐሳቡ ተያይዟል ወይ ብዬ እያነበብኩ የወደቀ አናባቢ ላገኝ አልችልም። ሁለቱ የተለያየ ዓይን ነው የሚፈልጉት። መጀመሪያ ሐሳቡን፣ የሚሰረዘውን እሰርዛለሁ። ሊሰረዝ ላለ አንቀጽ ፊደል መልቀም ድካም ነው። ፊደል የማየው መጨረሻ ላይ፣ ምንም የማይነካ ሲሆን ነው።

ሰው ካለ ደግሞ ለሰው መስጠት ነው። ግን «እስቲ እየው» ብቻ ብዬ አልሰጥም። እንዲህ ከሰጠሁ «አሪፍ ነው» ተብሎ ይመለስልኛል። «እዚህ ውስጥ ያላየሁት ስህተት አለ፣ ፈልግልኝ» ስል ግን ያገኛል። ስህተት እንዳለ የተነገረው አንባቢ ሌላ አንባቢ ነው።

አንድ የቆየ ታሪክ አለ፣ በማረም ሥራ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው። በ1631 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ የንጉሡ አታሚዎች የነበሩት ሮበርት ባርከር እና ማርቲን ሉካስ መጽሐፍ ቅዱስ አተሙ። ከአሥርቱ ትእዛዛት አንዱ ላይ «አት» የሚለው ማፍረሻ፣ በእነሱ ቋንቋ አንዲት አጭር ቃል፣ ወደቀች። ትእዛዙ አመንዝር የሚል ሆኖ ወጣ። 300 ፓውንድ ተቀጡ። ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል። እኔ ግን የማስበው ፊደሎቹን አንድ በአንድ በእጁ የለቀመውን ሠራተኛ ነው። ያንን ትእዛዝ ከልጅነቱ ጀምሮ በቃሉ ያውቀዋል። በቃሉ ስለሚያውቀው ነው ያላየው ብዬ አምናለሁ። በቃል የምናውቀውን ዓይናችን አያነበውም። በእኛ ቋንቋ ደግሞ ማፍረሻው አጠር ያለች ናት። «አትርሱ» ከሚለው ላይ ሁለት ፊደል ከወደቀ «ርሱ» ነው። ለዚህ ነው «አት»፣ «አይ» እና «አል» ያለበት ቃል ላይ ጣቴን ጫን የማደርገው።

ለሁሉም ጽሑፍ ይህን ሁሉ አላደርግም። ለጓደኛዬ የምልከው አጭር መልእክት እንደወጣ ይሄዳል። ሰው ተነስቶ የሚመጣበት፣ የሚከፍልበት፣ የሚፈርምበት፣ የሚወስደው መድኃኒት መጠን የተጻፈበት ወረቀት ግን ሌላ ነው። የሰው ስም ያለበትም ሌላ ነው። የሚያዝን ሰው የሚያነበውም እንዲሁ።

ያ ገለጻ ከአሥር ቀን በኋላ ሌላ ቀን ተቆረጠለት። መልእክቱን እንደገና የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ሌላ ሰው ይጻፈው ብዬ ነበር፣ እሷ ናት እምቢ ያለችው። ጻፍኩ። አሳደርኩት። ጠዋት በጣቴ አነበብኩት። ከዚያ አትሜ ጠረጴዛዋ ድረስ ወሰድኩላት። «ከመሄዱ በፊት እዪው አይደለም የምልሽ። ስህተት ፈልጊበት» አልኳት። ወረቀቱን ተቀበለችኝ። መነጽሯን አደረገች። ጣቷን ከመጀመሪያው ቃል ሥር አስቀምጣ ጀመረች፣ ቀስ ብላ፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ። ሁለተኛው መስመር መጨረሻ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ስትነካ አየሁ። ይ፣ ቀ፣ ር። «ባ» ላይ ስትደርስ ቀና ብላ አየችኝና ቃሉን ጮክ ብላ አነበበችው። «ይቀርባል።» ከዚያ ወደ ሦስተኛው መስመር ወረደች።